የፓካል ዕድሜ በጽሑፍና በአጥንት ምስክርነት

የፓሌንኬው የማያ ንጉሥ ኪኒች ሃናብ ፓካል እ.ኤ.አ. በ603 ተወልዶ፣ ከተማው በካላክሙል ጥቃት በተዳከመበት ዘመን፣ በ615 ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ነገሠ። 68 ዓመታት ገዝቶ በ683 ማረፉን የድንጋይ ጽሑፎች ይመሰክራሉ። መቃብሩ ያለበትን ቤተ መቅደስ የፈጸመው ልጁ ካን ባላም ነው። አርኪዮሎጂስቱ አልቤርቶ ሩስ መቃብሩን በ1952 ሲከፍት፣ አጽሙ በጄድ ጌጣጌጥ ተከብቦ፣ ሲናባር በተባለ ቀይ የሜርኩሪ ማዕድን ተሸፍኖ ተገኘ። የመጀመሪያዎቹ መርማሪዎች ግን የሟቹን ዕድሜ ከ40 እስከ 50 ዓመት ገመቱ፤ ሩስም በዚህ ተመርኩዞ የጽሑፉን ንባብ ሳይቀበል ቀረ። ከዓመታት በኋላ የአጥንቱ ጥቃቅን መዋቅር በማይክሮስኮፕ ሲመረመር፣ አጽሙ በዕድሜ የገፋ ሰው መሆኑ ታወቀ። የጥርሶቹ አለመበላትም፣ ቀድሞ ሊታሰብ ይገባው እንደነበረው ሁሉ፣ ከመኳንንቱ ለስላሳ ምግብ ጋር ተያያዘ።