ቻርልስ ዳርዊንና የምግብ ፍርድ

ስለ ዳርዊን ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ኀይለኛው ደካማውን ይበላል የሚለውን ብቻ ነው። ታሪኩን ስንመረምር ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘነው።

ቻርልስ ዳርዊን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1809 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሽሩስበሪ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ስለ ነበረ ልጁም ሐኪም እንዲሆን ወደ ኤዲንበርግ ላከው፤ እርሱ ግን ሰው ሲቀደድ ማየት አልቻለምና ትምህርቱን ተወ። ቀጥሎም ለቅስና እንዲዘጋጅ ወደ ካምብሪጅ ተላከ፤ እዚያም ጥንዚዛ በመልቀም ይተጋ ነበር። በ1831 ቢግል በተባለች መርከብ ተሳፍሮ አምስት ዓመት ያህል ዓለምን ዞረ። በ1835 ጋላፓጎስ ከተባሉት ደሴቶች ትናንሽ ወፎችን ሰበሰበ፤ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም ጆን ጉልድ የተባለ የወፎች ሊቅ መርምሮ፣ መንቁራቸው ቢለያይም ሁሉም ፊንች የሚባሉ ዘመዳሞች መሆናቸውን ገለጠለት።

በ1838 ዳርዊን የማልተስን መጽሐፍ አነበበ። ማልተስ ሰው ከምግቡ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚበዛ ጽፎ ነበር። ዳርዊንም ይህን በእንስሳት ሁሉ ላይ አየው፤ ምግቡ ከሚበቃው በላይ ስለሚወለዱ ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ለጊዜው ምግብ የሚስማማ ጠባይ ያላቸው ተርፈው ጠባያቸውን ለልጆቻቸው ያወርሳሉ። ይህንን የተፈጥሮ ምርጫ አለው። ሃያ ዓመት ያህል ካመነታ በኋላ፣ አልፍሬድ ዋላስ ያንኑ አሳብ ጽፎ ስለ ላከለት፣ በ1859 መጽሐፉን አሳተመ። በ1882 ዐርፎ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ዳርዊን ይህ ምርጫ እጅግ አዝጋሚ ስለ ሆነ በሰው ዕድሜ አይታይም ብሎ ያምን ነበር። ነገር ግን በ1977 በጋላፓጎስ ዳፍኒ ሜጀር በተባለች ደሴት ዝናም ጠፋ። ፒተርና ሮዝመሪ ግራንት የተባሉ ባልና ሚስት ሊቃውንት በዚያ ወፎቹን እየለኩ ይመዘግቡ ነበር። ለስላሳው ጥቃቅን ዘር አልቆ ጠንካራው ትልቅ ዘር ብቻ ቀረ። ከአንዱ ወገን ፊንች ከ100 ወፎች 85 ያህሉ አለቁ፤ የተረፉት አብዛኞቹ ያንን ጠንካራ ዘር ለመስበር የሚችል ወፍራም መንቁር ያላቸው ነበሩ፤ ጫጩቶቻቸውም እንደነርሱ ሆኑ። በ1983 ደግሞ ብዙ ዝናም ዘንቦ ጥቃቅኑ ዘር በዛ፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ መንቁር ያላቸው ተሻሉ።

እንግዲህ ትናንት የተመረጠው ዛሬ ይወድቃል፤ የምግቡ ዐይነት ሲለወጥ ፍርዱም ይለወጣልና። ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ለጉልበተኛ ሥራ ምክንያት ለመስጠት የዳርዊንን ስም የሚጠሩትን ስንሰማ፣ ይህችን ትንሽ ወፍ እናስታውሳቸው።