የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እና የቦንጋ ደን

ቦንጋ - የካፋ ዞን ዋና ከተማ ቦንጋን የሚጎበኝ እንግዳ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ የዱር ቡና በበቀለባቸው ዛፎች ጥላ ሥር በእግር ይዘዋወራል። የጃፓን መሳፍንት በእግር የሚዞሩባቸውን የአትክልት ሥፍራዎች በባለሙያ ያስተክሉ ነበር፤ የካፋን ደን ግን ማንም አልተከለውም። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከነጻነታቸው የመጨረሻዎቹን ወራት ያሳለፉት በዚሁ ምድር ነው።

በካፊኖኖ ቋንቋ ታቶ ማለት ንጉሥ ማለት ሲሆን፣ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ዙፋን የያዙት እ.ኤ.አ. በ1890 ነበር። ንጉሡ የሚያስተዳድሩት ሚክሬቾ ከተባለው የአማካሪዎች ሸንጎ ጋር ሲሆን፣ የአገሪቱ ድንበርም በጥልቅ ጉድጓዶችና በእንጨት አጥር ይጠበቅ ነበር።

ጎረቤታቸው የጅማው አባ ጅፋር ለአፄ ምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ሲቆዩ፣ ጋኪ ሸሮቾ መዋጋትን መረጡ። ምርጫቸው ሕዝባቸውን ብዙ አስከፍሏል። ከአድዋ ድል በኋላ እ.ኤ.አ. በ1897 ራስ ወልደጊዮርጊስ አቦዬ የመሩት ጦር ከአባ ጅፋር ሠራዊት ጋር በመሆን ካፋን ወረረ። ወራሪው ጦር ጠመንጃ በብዛት ሲታጠቅ፣ የካፋ ተዋጊ በአብዛኛው የያዘው ጦር ነበር። በቦንጋ አቅራቢያ የሚገኘው የንጉሡ መቀመጫ አንድራቻ ወደመ። ንጉሡ ግን ከደን ወደ ደን እየተዘዋወሩ ለወራት ሳይያዙ ቆዩ፤ የተያዙት በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ነው።

በቀጣዩ ዓመት በአካባቢው ያለፈው ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች፣ ቀድሞ ሰው የሞላበት አገር ተራቁቶ ማየቱን ጽፏል። በመሆኑም ዛሬ ድንግል ደን የሚመስለውን ሥፍራ ሁሉ ድሮም ሰው ያልሰፈረበት ነበር ብሎ መደምደም የሚገባ አይመስልም።

ጋኪ ሸሮቾ በብር ሰንሰለት ታስረው ወደ ሸዋ ተወሰዱ። የጎጀብን ወንዝ ሲሻገሩ የወርቅ ቀለበታቸውን ወደ ውኃው እንደጣሉ በአፈ ታሪክ ይነገራል። በአንኮበር በግዞት ከቆዩ በኋላ፣ ወደ ካፋ ሳይመለሱ እ.ኤ.አ. በ1919 በአዲስ አበባ አረፉ።

ዘውዳቸውም የራሱ ታሪክ አለው። የካፋ ሕዝብ መንግሥቱ ከዘውዱ ጋር የተቆራኘ ነው ብሎ ያምን ስለነበር፣ አፄ ምኒልክ ዘውዱን ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡት፤ እሱም ከአገር ወጣ።

የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ስፋቱ ከ760 ሺህ ሄክታር በላይ ሲሆን፣ ቦንጋም እ.ኤ.አ. በ2021 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች። ዘውዱ ለአፄ ኃይለሥላሴ ተሰጥቶ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ንጉሡ ካረፉ ከ35 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።