ሮንትገንና የማይታየው ብርሃን

ዊልሄልም ኮንራድ ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1845 ሌኔፕ በተባለች የጀርመን ከተማ ከጨርቅ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። በኔዘርላንድ ሲማር፣ አንድ ጓደኛው መምህራቸውን አስቂኝ አድርጎ ሣለ፤ ሮንትገን ሠዓሊውን አላጋልጥም በማለቱ ከትምህርት ቤት እንደተባረረ ይነገራል። ያለ ምስክር ወረቀት ለቀረው ወጣት የዙሪክ ፖሊቴክኒክ በሩን ከፈተለት፤ እ.ኤ.አ. በ1868ም በመካኒካል ምህንድስና ተመረቀ። ወደ ፊዚክስ የተሻገረው ከዚያ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 በቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር ካርቶን በተሸፈነ የኤሌክትሪክ ቱቦ ሲመራመር፣ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ በጨለማው ውስጥ ሲያበራ ተመለከተ። ለሰባት ሳምንታት ብቻውን መረመረው፤ የባለቤቱን የእጅ አጥንት በፎቶግራፍ አነሣ፤ ምንነቱ ስላልታወቀም ጨረሩን ኤክስ ሲል ሰየመው። በአገራችን ራጅ የሚባለው ይኸው ነው።

ያን ጊዜ፣ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑት ዐፄ ምኒልክ ወደ ሰሜን ዘምተው ነበር። በዚያ ጦርነት ከቆሰሉት የጣሊያን ወታደሮች ሁለቱ በግንቦት 1888 ዓ.ም. ገደማ በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል ክንዳቸው በራጅ ተነሣ። ጨረሩ ለጦር ቁስለኛ ሲያገለግል ይህ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ይህን ያህል በፍጥነት ሊስፋፋ የቻለው ሮንትገን በግኝቱ ላይ የባለቤትነት መብት ባለማስመዝገቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ሲቀበልም ገንዘቡን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የገንዘብ ዋጋ መውደቅ ሀብቱን አጥፍቶበት፣ እ.ኤ.አ. በ1923 በሙኒክ አረፈ።

ከግኝቱ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1885፣ የንጉሥ ምኒልክ መቀመጫ ገና እንጦጦ ሳለ፣ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ በሚርቀው በአንድሮሜዳ ጋላክሲ አንድ የፈነዳ ኮከብ ታይቶ ነበር። አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። የኮከቡ ብርሃን በጥቂት ወራት ደበዘዘ። ከእንዲህ ያለ ፍንዳታ የሚቀረው ጋዝ ግን በሚሊዮን በሚቆጠር ዲግሪ ግሎ ለብዙ ሺህ ዓመታት የኤክስ ጨረር ሊያመነጭ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጠቀው ሮሳት የተባለ ሳተላይት የሮንትገንን ስም ይዞ በ1991ና በ1992 አንድሮሜዳን ቃኘ። ካገኛቸው በመቶ የሚቆጠሩ የጨረር ምንጮች መካከል የኮከብ ፍንዳታ ቅሪቶች ይገኙባቸዋል።

ከእንጦጦ ማርያም ብዙ በማይርቀው የተራራው ጫፍ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቁ፣ መስተዋታቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። አየር የኤክስ ጨረርን ከሰማይ ወደ ምድር ስለማያሳልፍ፣ በተራራ ላይ የሚቆም መሣሪያ የሚሠራው በሚታየው ብርሃን ነው። ቢሆንም ሁለቱ ዘዴዎች ይረዳዳሉ፤ ሳተላይት ያገኘው ነጥብ በእርግጥ የፍንዳታ ቅሪት መሆኑ የሚረጋገጠው በሚታየው ብርሃን ጭምር ሲመሳከር ነው።

ሮንትገን ለጨረሩ አጥር አላበጀለትም። ከቁስለኛ ክንድ እስከ አንድሮሜዳ ድረስ፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ፈቃድ ሳይጠይቁ ሠሩበት።