ሩዝቬልትን የበለጠው ፊደል ለቃሚ

ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1886 ኒውዮርክ ከንቲባ ስትመርጥ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ቴዎዶር ሩዝቬልት ነበር፤ አዎ፣ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው። 28 ዓመት ከሞላው ገና ሳምንት አልሆነውም። ሦስተኛ ወጣ። ከሱ በላይ ሁለተኛ የወጣው ሰው ሄንሪ ጆርጅ ይባላል።

ጆርጅ በ1839 ፊላደልፊያ ተወለደ። 14 ዓመት ሳይሞላው ትምህርት አቆመ፤ መርከብ ላይ ተቀጥሮ እስከ አውስትራሊያና ህንድ ሄደ። ቀጥሎ ካሊፎርኒያ ገብቶ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆነ። በ1865 ሁለተኛ ልጁ ሲወለድ ቤት ውስጥ የሚበላ አልነበረም። መንገድ ወጣና የማያውቀውን ሰው አስቁሞ 5 ዶላር ለመነ፤ ሰውየው ሰጠው። ባይሰጠው ኖሮ ሊገድለው ይችል እንደነበር ጆርጅ ራሱ ኋላ ተናግሯል።

አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳው ነበር፦ ባቡር ገባ፣ ከተማ አደገ፣ ታዲያ ድሃው ለምን ባሰበት? መልሱን መሬት ላይ አገኘው። ሰው ሲበዛና መንገድ ሲወጣ የመሬት ዋጋ ይጨምራል፤ ባለመሬቱ ግን ምንም ሳይሠራ ጭማሪውን በኪራይ ይሰበስባል። ስለዚህ የሰው ላብ ላይ ያለው ግብር ይነሳና የመሬት ዋጋ ላይ ይጣል አለ። ኪራይ የሚከፍል ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። አሳታሚዎች እምቢ ሲሉት ጓደኛው ማተሚያ ቤት ገብቶ የመጀመሪያዎቹን ፊደሎች በገዛ እጁ ለቀመ። «እድገትና ድህነት» የተባለው ይህ መጽሐፍ በ1879 ወጥቶ ዓለምን ዞረ። (ሞኖፖሊ የምንለው ጨዋታም መነሻው አንዲት ሴት የሱን ሐሳብ ለማስተማር የሠራችው ጨዋታ ነው።)

በ1886 የሠራተኛ ማኅበራት ተወዳደርልን አሉት። እሱም መጀመሪያ 30,000 ፊርማ አምጡ አለ። ከ34,000 በላይ አመጡለት። ይሄኔ የከተማዋ የዴሞክራቶች ድርጅት፣ ታማኒ ሆል፣ ደነገጠ። ጆርጅ በኋላ እንደተናገረው አንድ መልእክተኛ መጥቶ ከውድድሩ ውጣ፣ የኮንግረስ ወንበር እንሰጥሃለን፣ ከንቲባነቱን ግን አታገኘውም ብሎታል። አልወጣም።

የታማኒው አብራም ሂዊት 90,552፣ ጆርጅ 68,110፣ ሩዝቬልት 60,435 ድምፅ አገኙ። ተሰርቋል ያሉ ብዙ ነበሩ። ያኔ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን የሚያትሙት ፓርቲዎቹ ራሳቸው ስለነበሩ ጥርጣሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ግን የተረጋገጠ ነገር የለም፣ የ22,000 ድምፅ ልዩነትም ቀላል አይደለም።

በ1897 ብሩክሊንን ጨምሮ የሰፋችው ኒውዮርክ የመጀመሪያ ከንቲባዋን ልትመርጥ ነበር። ጆርጅ ከዚያ በፊት ስትሮክ መትቶታል፤ ሐኪሞች ቅስቀሳው ይገድልሃል ብለው አስጠንቅቀውታል። ገባበት። ጥቅምት 28 ማታ ከአዳራሽ አዳራሽ እየዞረ ንግግር አደረገ፤ ሊነጋ ሲል ያረፈበት ሆቴል ውስጥ ሞተ። 58 ዓመቱ ነበር። ለምርጫው የቀረው አራት ቀን ነው።

አስከሬኑን ለመሰናበት የወጣው ሕዝብ ወደ 100,000 እንደሚጠጋ ተገምቷል። ልጁ በቦታው ተተክቶ ተወዳደረ፤ ታማኒ በድጋሚ አሸነፈ።