የመንገደኛ ማደሪያ ጀማሪው ማርኪዝ
የቤኒግኖ ዴ ላ ቤጋ ኢንክላን ሕይወትና ሥራ

አንድ አገር በተፈጥሮ ውበትም ሆነ በጥንት ሥልጣኔ ቅርስ የቱንም ያህል ቢታደል፣ እንግዳው የሚመጣበት የተደላደለ መንገድ፣ የሚያድርበት ንጹሕ አልጋና በወጉ የተጠበቀ የሚጎበኝ ቦታ ካላዘጋጀ በስተቀር ሀብቱ ከዝና አልፎ ጥቅም ሊሰጠው አይችልም። በ2024 ወደ 94 ሚሊዮን የሚጠጉ የውጭ አገር ጎብኚዎችን ያስተናገደችው ስፔን እንኳ ይህን እውነት የተገነዘበችው ዘግይታ ነበር። በሃያኛው ምእተ ዓመት መባቻ፣ ስፔን ከአሜሪካ ጋር በ1898 ባደረገችው ጦርነት ተሸንፋ ኩባን፣ ፖርቶ ሪኮንና ፊሊፒንን ያጣች፣ በራስዋም ላይ እምነት የጎደላት አገር ነበረች። ስዊትዘርላንድና ኢጣሊያ በጎብኚ ገንዘብ ሲጠቀሙ፣ ወደ ስፔን ለመዝለቅ የሚደፍረው መንገደኛ ግን ጥቂት ነበር። ከታላላቆቹ ከተሞች ውጭ ደህና ሆቴል ማግኘት አስቸጋሪ፣ መንገዱም አቧራና ጉድጓድ የበዛበት ነበር።

ይህን ጉድለት ለግል ነጋዴ ፈቃድ ብቻ ሳይተዉ የመንግሥት ሥራ አድርገው ለማቃናት ከተነሡት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ ማርኪዝ ቤኒግኖ ዴ ላ ቤጋ ኢንክላን ናቸው። ማርኪዙ መሐንዲስ አልነበሩም። ይሁን እንጂ የደከሙበት ሥራ ሁሉ ከግንብ፣ ከጣሪያና ከመንገድ ጋር የተያያዘ ስለነበረ፣ ታሪካቸው በሕንፃና በመንገድ ሥራ ለተሠማራ ባለሙያ የሚነግረው ብዙ ነገር አለ።

ወታደሩ ሠዓሊ

ቤኒግኖ ዴ ላ ቤጋ ኢንክላን የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 29 ቀን 1858 በቫያዶሊድ ከተማ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባታቸው የጦር ጄኔራል የነበሩ ሲሆን፣ የማርኪዝነቱም ማዕርግ የተላለፈላቸው ከእሳቸው ነው። ልጅየውም የአባታቸውን ፈለግ ተከትለው በፈረሰኛ ጦር ውስጥ መኮንን ሆነው አገልግለዋል። ልባቸው ግን ከጦር ሜዳ ይልቅ ወደ ሥዕል ያደላ ነበር። ሥዕል ተምረዋል፤ ራሳቸውም ይሥሉ ነበር። በአውሮፓ ከተሞች እየተዘዋወሩ ቤተ መዘክሮችን ጎብኝተዋል፤ ጥንታዊ ሥዕሎችንና የቤት ዕቃዎችንም ይሰበስቡ፣ ይገዙና ይሸጡ ነበር።

ከዚህም የተነሣ ሁለት ነገሮችን በሚገባ አወቁ። አንደኛው፣ የስፔን ጥበብ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ያለው ዋጋ በአገሩ ሰው ዘንድ ካለው የበለጠ መሆኑን ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ጎብኚ አገር የሚመርጠው ሐውልትና ግንብ ለማየት ብቻ ሳይሆን ያለ ሥጋትና ያለ ድካም ለመሰንበትም ጭምር መሆኑን ነው። ሠዓሊው ሆአኪን ሶሮያና በኒው ዮርክ የስፔን ጥበብና መጻሕፍት ማኅበርን በ1904 ያቋቋመው አሜሪካዊው ባለጸጋ አርቸር ሀንቲንግተን ከቅርብ ወዳጆቻቸው መካከል ነበሩ።

የኤል ግሬኮ ቤት

ማርኪዙ ስማቸው በሰፊው የታወቀው በቶሌዶ ከተማ በሠሩት ሥራ ነው። ከግሪክ አገር ከቀርጤስ ደሴት መጥቶ በቶሌዶ የኖረውና በ1614 በዚያው የሞተው ሠዓሊ ኤል ግሬኮ ለረጅም ዘመን ተዘንግቶ ቆይቶ፣ ዝናው እንደገና ያንሠራራው በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ላይ ነበር። ማርኪዙ ሠዓሊው ይኖርበት ነበር በተባለው ሠፈር የፈራረሱ ቤቶችን በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው፣ አርክቴክቱ ኤላዲዮ ላሬዶ ባወጣው ንድፍ መሠረት አሳደሱ። ግቢውን፣ ማድ ቤቱንና ክፍሎቹን በዘመኑ ዕቃ አስጊጠው፣ የሠዓሊውን ሥራዎች አሰባስበው በ1910 ለመንግሥት አስረከቡ። ቤተ መዘክሩም በተከታዩ ዓመት ለሕዝብ ተከፈተ። በአጠገቡ የሚገኘው፣ በአሥራ አራተኛው ምእተ ዓመት የተሠራው የትራንሲቶ የአይሁድ ምኩራብም በእሳቸው ክትትል ጥገና ተደርጎለታል።

ይህ ሥራ ያስመሰገናቸውን ያህል የሚያስወቅሳቸውም ሆኖ ቀርቷል። በኋላ የተደረገው ምርምር እንዳረጋገጠው ኤል ግሬኮ የኖረው በዚያ ቤት ውስጥ ሳይሆን ከዚያው አቅራቢያ በነበሩት፣ ዛሬ በሌሉት የቪዬና ማርኪዝ ቤቶች ውስጥ በኪራይ ነበር። ስለዚህ ጎብኚው የሠዓሊው መኖሪያ ብሎ ያየው የነበረው የታሪኩን ቦታ ሳይሆን የዘመኑን አምሳል ነው። በአንጻሩ ግን ማርኪዙ በትውልድ ከተማቸው በቫያዶሊድ ከጥፋት ያዳኑት የሠርቫንቴስ ቤት እውነተኛው ነው። ደራሲው ዶን ኪኾቴ በታተመበት በ1605 ገደማ በዚያ ቤት መኖሩ በሰነድ የታወቀ ሲሆን፣ ቤቱንና አጎራባቾቹን በ1912 የገዙት ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛና ሀንቲንግተን ናቸው። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ሰው ጥረት ዳኑ፤ አንዱ በማስረጃ፣ ሌላው በግምት ቆመ።

አነስተኛ ቢሮ፣ ሰፊ ኃላፊነት

የስፔን መንግሥት የውጭ አገር ጎብኚዎችን ጉዳይ የሚመለከት ብሔራዊ ኮሚሲዮን ያቋቋመው በ1905 በኮንት ሮማኖኔስ ሚኒስትርነት ጊዜ ነበር። ሆኖም ኮሚሲዮኑ ይህ ነው የሚባል ፍሬ አላፈራም። በመሆኑም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሆሴ ካናሌኻስ በጁን 1911 በንጉሣዊ ድንጋጌ የቱሪዝምና የሕዝብ ኪነ ጥበብ ንጉሣዊ ኮሚሴርነትን አቋቁመው ማርኪዙን ኮሚሴር አድርገው ሾሟቸው። ማርኪዙም በዚህ ሹመት ላይ ለአሥራ ሰባት ዓመት ያህል ቆዩ።

የመሥሪያ ቤቱ በጀት አነስተኛ፣ ሠራተኛውም ጥቂት ነበር። የተሰጠው ኃላፊነት ግን ማስታወቂያን፣ የቅርስ ጥበቃን፣ የሆቴልን ጉዳይና የሕዝቡን የኪነ ጥበብ ትምህርት በአንድነት የሚያጠቃልል ነበር። ማርኪዙ ይህን ሁሉ በእኩል ለማድረስ ስለማይቻል ቅደም ተከተል አወጡ። የታሪክ ከተሞችን የሚያስተዋውቁ፣ ጽሑፋቸው በስፓኝኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ በፎቶግራፍ የተደገፉ ትንንሽ መጻሕፍት በመሥሪያ ቤቱ ድጋፍ እንዲታተሙ አደረጉ። ከዚህም የሚበልጠውን ድካም በራሳቸው በሕንፃዎቹ ላይ አዋሉ።

በሴቪያ ከተማ የአልካሳር ቤተ መንግሥትን ጥበቃ በኃላፊነት ይዘው፣ በእስላሞች ዘመን የተሠራውንና በልስን ተሸፍኖ የኖረውን የጄሶ አደባባይ ገልጠው አሳደሱ። በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ከሚገኙት አትክልት ቦታዎች አንዱ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ከግንቡ ሥር ያለው የሳንታ ክሩስ ሠፈር፣ የጥንት አይሁዶች መንደር የነበረው፣ ጠባብ መንገዶቹና ነጫጭ ቤቶቹ ሳይፈርሱ እንዲጸዳና ለእንግዳ ማረፊያ እንዲውል ደከሙ። በዚያ ዘመን በብዙ የአውሮፓ ከተሞች አሮጌ ሠፈር ማለት ለሰፊ ጎዳና ሲባል የሚፈርስ ማለት ነበር። ማርኪዙ ግን የሠፈሩ ጥበት ራሱ ሀብት መሆኑን አስቀድመው አዩ። በማድሪድ ደግሞ የአሥራ ዘጠነኛውን ምእተ ዓመት የኑሮ ወግ የሚያሳየው የሮማንቲክ ቤተ መዘክር በእሳቸው ስጦታ ተመሥርቶ በ1924 ተከፈተ።

በውጭ አገር የተደረገው ሙከራ ግን ዕድለ ቢስ ነበር። በ1914 በለንደን ከተማ ኧርልስ ኮርት በተባለው ሥፍራ ፀሐያማዋን ስፔን የሚያስተዋውቅ ታላቅ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ። ነገር ግን በኦገስት ወር አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ለአራት ዓመታት የአውሮፓ ሰው የተጓዘው ለሽርሽር ሳይሆን ለውጊያ ነበር። የማስታወቂያው ድካም ባከነ፤ የተጠገኑት ሕንፃዎች ግን በቦታቸው ቆሙ።

መንገዱና ማደሪያው

ከጦርነቱ በኋላ አውቶሞቢል እየበዛ ሲሄድ የጉዞው ዓይነት ተለወጠ። በባቡር የሚመጣው ጎብኚ የሚያርፈው ባቡሩ በሚቆምበት ከተማ ነበር። ባለመኪናው ግን በየገጠሩና በየተራራው ይዘልቃል፤ መሽቶበትም ማደሪያ ይፈልጋል። ብዙ እንግዳ በማይመጣበት ሥፍራ ሆቴል የሚሠራ ነጋዴ አይገኝም፤ ሆቴል በሌለበትም እንግዳ አይመጣም። ማርኪዙ ይህን ቋጠሮ ሊፈታ የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው ብለው አመኑ። ስለሆነም መንግሥት፣ የግል ሆቴሎችን ሳይሻማ፣ ውበት እያለ አልጋ በሌለበት ቦታ ሁሉ አነስተኛና ምቹ ማደሪያዎችን እንዲሠራ ሐሳብ አቀረቡ። ለእነዚህም ፓራዶር የሚለው ጥንታዊ ስም ተሰጣቸው፤ ቃሉ መንገደኛና ከብቱ ቆመው የሚያርፉበትን ቤት የሚያመለክት ነው።

ለመጀመሪያው ቤት የተመረጠው ሥፍራ ከማድሪድ በስተምዕራብ በአቪላ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የግሬዶስ ተራራ ነበር። ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ በዚህ ተራራ ማደን ይወዱ ነበር። የዋልያ ዘመድ የሆነው የተራራው ፍየል ሊጠፋ በተቃረበ ጊዜም ሥፍራው በ1905 የንጉሡ የአደን ክልል ሆኖ እንዲጠበቅ ተደርጓል። የማደሪያውን ቦታ በ1926 የመረጡት ንጉሡ ራሳቸው ናቸው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ጥድ በከበበው ሥፍራ፣ በአካባቢው ድንጋይ ግንባታው በዚያው ዓመት ተጀመረ። ቤቱ ሰላሳ ክፍሎች ብቻ የነበሩት ሲሆን፣ በመልኩም የካስቲያን አገር የጥንት ባላባት ቤት ይመስል ነበር።

ማደሪያው ያለ መንገድ ዋጋ አይኖረውም ነበር። መልካም አጋጣሚ ሆኖ በዚያው በ1926 የጄኔራል ፕሪሞ ዴ ሪቬራ መንግሥት የልዩ ንጣፍ መንገዶች ብሔራዊ መረብ የተባለውን ፕላን አወጣ። የሥራ ሚኒስትሩ ኮንት ጓዳልኦርሴ፣ በሙያቸው መሐንዲስ፣ በ1921 በተጠናቀቀው የኤል ቾሮ ግድብ ሥራ ስማቸው የታወቀ ሰው ነበሩ። ፕላኑ ዋና ዋና ከተሞችንና ለጎብኚ የሚስቡ ቦታዎችን የሚያገናኙ 7,000 ኪሎ ሜትር ያህል መንገዶችን ለአውቶሞቢል ተስማሚ በሆነ ንጣፍ ለማሻሻል የታሰበ ነበር። የማርኪዙ ሐሳብ በወረቀት ላይ ከመቅረት የዳነው መሐንዲሶች ይህን መንገድ በመሥራታቸው ጭምር ነው።

ሹመቱ ሲቀር ሥራው ሲቀጥል

በ1929 በሴቪያና በባርሴሎና ሁለት ታላላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽኖች እንዲከፈቱ በመወሰኑ፣ መንግሥት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ከተመሠረተው ኮሚሴርነት የበለጠ አቅም ያለው መሥሪያ ቤት አስፈለገው። በመሆኑም በአፕሪል 1928 ብሔራዊ የቱሪዝም ቦርድ ተቋቋመ፤ በባቡር መንገደኞች ላይ የግዴታ ኢንሹራንስ ተጥሎ የገቢ ምንጭ ተደረገለት። ኮሚሴርነቱም ተሰረዘ። ማርኪዙ በ69 ዓመታቸው ያለ ሹመት ቀሩ። የግሬዶስ ማደሪያ ንጉሡ በተገኙበት የተመረቀው ከዚህ ጥቂት ወራት በኋላ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1928 ነበር። ሐሳቡን ያመነጩት ሰው ቤቱ በተከፈተ ጊዜ ባለሥልጣን አልነበሩም።

አዲሱ ቦርድ ግን ሐሳቡን አልጣለም። በ1930 በኦሮፔሳ የሚገኘው የመካከለኛው ዘመን ግንብ ወደ ማደሪያነት ተለወጠ፤ በጥንታዊ ሕንፃ ውስጥ የተከፈተው የመጀመሪያው ፓራዶርም ይኸው ነው። በዋና ዋና አውራ ጎዳናዎች ዳር ደግሞ አርክቴክቶቹ ካርሎስ አርኒቼስና ማርቲን ዶሚንጌስ በአንድ ዓይነት ንድፍ ያዘጋጇቸው፣ የመኪና ማቆሚያ ያላቸው አነስተኛ የመንገድ ሆቴሎች ተሠሩ። በጥንታዊ ግንብ ውስጥ የውሃ ቧንቧና የማሞቂያ መስመር መዘርጋት፣ በመንገድ ዳር ደግሞ አንድ ንድፍ ደጋግሞ በመጠቀም ወጪን መቀነስ ሁለት የተለያዩ ዘዴዎች ሲሆኑ፣ ቦርዱ እንደ ቦታው ሁኔታ ሁለቱንም ሠራባቸው።

በ1931 ንጉሡ ከአገር ወጥተው ሪፐብሊክ ታወጀ፤ ከ1936 እስከ 1939 የእርስ በርስ ጦርነት አገሪቱን አወደመ። ማርኪዙ ይህን ሁሉ አይተው ጃንዋሪ 6 ቀን 1942 በማድሪድ በ83 ዓመታቸው አረፉ። ሌላው የአውሮፓ ክፍል በጦርነት ላይ ስለነበረ በዚያን ወቅት ወደ ስፔን የሚመጣ ጎብኚ አልነበረም ለማለት ይቻላል። የድካማቸውን ሙሉ ፍሬ ሳያዩ ሞቱ። ንብረታቸውንም ለመንግሥት ስለተናዘዙ፣ ያቋቋሟቸው ቤተ መዘክሮች በስማቸው በተመሠረተው ድርጅት ሥር እንዲተዳደሩ ተደረገ።

ከሥራቸው የተረፈው

ስፔን በ1960ዎቹ የጎብኚ ጎርፍ ባጥለቀለቃት ጊዜ፣ የባሕር ዳርቻዋ በረጃጅም የሲሚንቶ ሕንፃዎች ተሸፈነ። ይህ የማርኪዙ ሐሳብ አልነበረም። እሳቸው የፈለጉት እንግዳው በአንድ ሥፍራ እንዲከማች ሳይሆን ወደ ውስጥ አገር፣ ወደ ተራራውና ወደ ጥንታዊ ከተሞች እንዲዳረስ ነበር። የሁለቱ መንገዶች ልዩነት ዛሬ ጎልቶ ይታያል። በ2024 በካናሪ ደሴቶችና በማዮርካ ነዋሪዎች የቤት ኪራይ ንረትንና የጎብኚ ብዛትን በመቃወም ሰልፍ ወጥተዋል። በሌላው በኩል ወደ አንድ መቶ ከሚጠጉት ፓራዶሮች ብዙዎቹ ያለ አገልግሎት ይፈርሱ የነበሩ ግንቦችንና ገዳማትን አድነዋል፤ ሌላ ሥራ በማይገኝባቸው ትንንሽ ከተሞችም የሥራ ዕድል ፈጥረዋል።

የማርኪዙ ጉድለት በቶሌዶው ቤት ታይቷል። የሚያምርን ነገር ከእውነተኛው ሳይለዩ ለጎብኚ ማቅረብ ለጊዜው ቢያስደስትም ኋላ እምነት ያሳጣል፤ ቤተ መዘክሩ ዛሬ ይህንኑ ሳይሸሽግ ለጎብኚው ያስረዳል። ጥንካሬያቸው ደግሞ የቅደም ተከተሉ ነገር ነበር። አልጋና መንገድ ሳይዘጋጅ እንግዳ መጥራት አስተናጋጁን ማሳፈር መሆኑን አውቀው፣ ከአነስተኛው በጀታቸው አብዛኛውን ድካም በሚዳሰስ ነገር ላይ አዋሉት። መሥሪያ ቤታቸው ተሰርዟል፤ ያገለገሉት ዘውድም ወድቆ እንደገና ተመልሷል። ሰላሳ ክፍል የነበረው የግሬዶስ ማደሪያ ግን ሰፋ ብሎ ዛሬም እንግዳ ይቀበላል። በ1978 የስፔንን አዲስ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰዎች ከከተማ ግርግር ርቀው ለመነጋገር በፈለጉ ጊዜ የተሰበሰቡት በዚሁ ቤት ነበር።