ፕሮፌሰር ታምራት አማኑኤል፦ መምህርና ዲፕሎማት



ሞራችን ስለ አንድ ታዋቂ ሰው ጻፉ ብላን እኔ ፕሮፌሰር ታምራት አማኑኤልን መረጥኩ። እኔ የተማርኩት እስከ 3ኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ ስሕተት ብታገኙ ይቅርታ።

ታምራት በ1888 እ.ኤ.አ. ከቤተ እስራኤል ወገን ጎንደር አካባቢ ተወለዱ። አስመራ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ሲማሩ ዶክተር ፋይትሎቪች በ1904 ወደ ኢትዮጵያ መጣና አገኛቸው። ሲመለስም እሳቸውንና ጌጤ ኤርምያስ የሚባለውን ወጣት ወደ አውሮፓ ይዟቸው ሄደ። አስቡት እንግዲህ፣ ገና ጎረምሳ ሆኖ፣ ከዘመድ ተለይቶ፣ ባሕር ተሻግሮ! መጀመሪያ ፓሪስ፣ ቀጥሎ ፍሎረንስ በረቢዎች ትምህርት ቤት ተማሩ። ፈረንሳይኛ፣ ጣሊያንኛና ዕብራይስጥ አወቁ።

ይህን ሁሉ ተምረው እዚያው አልቀሩም። ተመልሰው በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የኛ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከፋይትሎቪች ጋር አቋቋሙና እሳቸው መሩት። ልጆቹ ከጎንደር መንደሮች ድረስ ይመጡ ነበር። በኋላ ለወገናችን ብዙ የደከሙት አቶ ዮና ቦጋለም የዚያ ዘመን ተማሪ ናቸው።

በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረ። የተማረ ሰው እየተፈለገ በሚገደልበት ጊዜ ታምራት ወደ ግብፅ ተሰደዱ። ንጉሡ በ1941 ሲመለሱ እሳቸውም ገብተው በመንግሥት ሥራ አገለገሉ። ስለ ኢትዮጵያ ደራሲያን የሚል ጽሑፍም በአማርኛ አዘጋጅተዋል። ከዚያ መንግሥት ወደ ፓሪስ፣ ኢትዮጵያ ሌጋሲዮን፣ የባህል ጉዳይ ዲፕሎማት አድርጎ ላካቸው። በልጅነታቸው ተማሪ ሆነው በገቡበት ከተማ አሁን ስለ አገራቸው የሚናገሩ ሰው ሆኑ። አምባሳደር የሚለውን ማዕረግ ባይዙም፣ ለኛ ሕዝብ ግን መልእክተኛ ነበሩ ብዬ አስባለሁ። የመጨረሻ ዕድሜያቸውን በኢየሩሳሌም አሳለፉና በ1963 አረፉ።

ይህን የጻፍኩት በምክንያት ነው። ከልጄ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲመጣ የምታነብልኝ ራሷ ልጄ ናት። እኔ ዝም ብዬ እፈርማለሁ። ስለ እሷ የተጻፈውን እሷ እየነገረችኝ! ያፈርኩበት ቀን ብዙ ነው፣ ኡልፓኑንም ልተወው ብዬ ነበር። ግን ታምራት በሰው አገር በሰው ቋንቋ የተማሩት ለራሳቸው ብቻ አልነበረም፣ ለማያውቀው ወገናቸው ሊናገሩለት ነው። እኔ ለሕዝብ መናገር ቢያቅተኝ፣ ለልጄ መናገር አለብኝ። ስለዚህ ነገም ኪታ እገባለሁ። እናንተም አትቅሩ።

በርቱ!

አንድ የኡልፓን ተማሪ፣ ራማት የዲዲም፣ ነታንያ