አፄ ዮሐንስ አራተኛና የመተማው ቁስል

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከሱዳን ወሰን አጠገብ ያለችው ከተማ መተማ ዮሐንስ ተብላ የምትጠራው፣ በዚያ ጦር ሜዳ ቆስለው ባረፉት ንጉሠ ነገሥት ስም ነው።

አፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ በፊተኛው ስማቸው ካሣ ምርጫ፣ በ1829 ዓ.ም. በትግራይ ተወለዱ። ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዘውድ ጫኑ። በ1868 ዓ.ም. የዘመተባቸውን የግብፅ ጦር በጉንደትና በጉራዕ ድል መቱት። በ1876 ዓ.ም. በተፈረመው የአድዋ ውል መሠረት፣ በሱዳን ደርቡሾች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ረዱ፤ ይህም የደርቡሾችን ጠላትነት አመጣባቸው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደር ገብተው ከተማዋን አቃጠሉ።

ንጉሠ ነገሥቱም ዘምተው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ገጠሙ። ሠራዊታቸው የጠላትን ቅጥር ጥሶ ለድል በተቃረበበት ሰዓት ጥይት መታቸው። ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ ጦሩ ተፈታ፤ እርሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ። በዚያው ዓመት ኢጣሊያ አስመራን ያዘች። የአንድ ሰው ቁስል የአገር ቁስል ሆነ ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ማደንዘዣና ቁስልን ከመመርቀዝ የሚጠብቅ መድኃኒት በሥራ ላይ ውሎ ነበር። በአገራችን ግን ኦፕራሲዮን የሚደረግበት ቋሚ ሆስፒታል ገና አልተቋቋመም። የንጉሠ ነገሥቱን ቁስል ብልህ ሐኪም እንኳ ያድነው ነበር ብሎ መናገር አይቻልም። ነገር ግን እጁን ወይም እግሩን የተመታው ወታደር፣ ደሙ ፈጥኖ ቢታሰርለትና ቁስሉ ቢጸዳለት፣ ብዙው በተረፈ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ለአድዋ ቁስለኞች የተላኩት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞችም አዲስ አበባ የደረሱት ከጦርነቱ በኋላ ወራት አልፈው ነው።

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ጀመረ። ይሁን እንጂ ከመተማ እስከ ጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የሚፈስ ደም ይህን ያህል መንገድ አይጠብቅም። በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በመተማ በኩል ገብቷል። ወሰኑ ዛሬም የአደጋ በር መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ቀዶ ሐኪም የሚሠለጥነው በብዙ ዓመት ነው፤ የደም ማስቀመጫ፣ የማደንዘዣ ባለሙያና አምቡላንስም ጥይት ከተተኮሰ በኋላ አይዘጋጁም። ነገ በወሰን አውራጃዎች በጀት የምታቅዱና ሠራተኛ የምትመድቡ ወጣቶች፣ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን የአባቶች ብሂል በዚህ ሥራ ልታውሉት ይገባል።